ለአንዲት እሺ ይህ ሁሉ ሽቦ

ጠጋ በሉና ስሙ። ነገሩ ረጅም ነው፤ የተፈለገው ግን አንዲት ቃል ናት።

ልጄ ስንዱ ከእኔ አፍ አንዲት ቃል ፈለገች። ቃሏም "እሺ" ናት።

ስንዱ ወረዳው ከተማ ላይ አስተማሪ ናት። አንማው የሚባል የቆላ ሰው እዚያው ያስተምራል። ተዋደዱ። አንማው ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጡ፤ ላስብበት አልኳቸው። ሁለተኛ መጡ፤ ዘመድ ላማክር አልኳቸው። ሦስተኛ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። በእኛ አካባቢ ደንብ አራተኛ የሚባል የለም። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ባዶውን የተመለሰ ሽማግሌ ያን ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም። ልጁም ለሌላ፣ ልጅቱም ለሌላ ይሆናሉ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው አቶ ደምመላሽ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሰላም ብለው ግቢው መሀል ቆሙ። ባለቤቴ ጥሩዬ አጎዛ አነጠፈች፤ በርጩማም አወጣች። አቶ ደምመላሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በርጩማውን አዩት፤ እሺ ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ። ይህም ደንብ ነው።

እኔም ደንብ አለኝ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አልድርም። በእኛ ዘር ስድስተኛው አያት ላይ እጅጉ የሚባል ሰው አለ። በአንማው ዘርም ስድስተኛው ላይ እጅጉ የሚባል ሰው አለ። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሁለት ሰው ከሆኑ እሺ ነው። ይህን ለይታ የምታውቀው እናቴ፣ እማማ ደብሬ ነበረች። እናቴ አምና አረፈች።

ከማረፏ በፊት ግን ቆጥራለች። ስንዱ ስልኳን ፊቷ ደቅና ትውልዱን በሙሉ አስቆጥራታለች። እኔ ያን ቀን እርሻ ላይ ነበርኩ። ስንዱን ምን ብላ ቆጠረች ብዬ ጠየቅኋት። እኔ ፊቷን ነበር የማየው፣ ስሙን ማን ያዘው አለችኝ። ምስሉን ከስልኳ አውጥታ ትምህርት ቤት ትሠራበት የነበረው ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጠችው። ኮምፒውተሩ ዘንድሮ ሞተ። ዘላለም የሚባል የከተማ ጠጋኝ ሆዱን ከፈተና ዲስኩን ብቻ አወጣ፤ ጡብ የምታክል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ከተተላት። ስንዱ ሳጥኑን ይዛ የመጣችው አርብ ከሰዓት ነው። እናቴ እዚያ ውስጥ ናት።

እንግዲህ ያዙልኝ። ሽማግሌዎቹ እሺ ካልሰሙ አይቀመጡም። እኔ እናቴ ካልቆጠረች እሺ አልልም።

ስንዱ ይህን ሰማችና ላፕቶፗን አመጣች። አቶ ደምመላሽ ያልተቀመጡበት በርጩማ ባዶውን ነበርና እሱ ላይ አስቀመጠችው። ከሳጥኑ አንድ ሽቦ መዘዘች፤ ሽቦውን ላፕቶፑ ጎን ሰካች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ላፕቶፑ ምንም አላሳየም። ነቅላ ደግማ ሰካች። ምንም የለም። ሳጥኑም ጭጭ አለ።

እኔ ሳጥኑን በእጄ መታ አደረግሁት። ሬዲዮናችን ዝም ሲል እንደዚያ ነው የሚነሳው።

"አባ፣ እማማ ደብሬን ነው የምትመታት" አለችኝ ስንዱ።

እጄን ሰበሰብኩ።

ዲስክ የሚሉት ነገር ውስጡ ይዞራል። ካልዞረ ላፕቶፑ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ካልሰሙ አይቀመጡም። እኔ እናቴ ካልቆጠረች እሺ አልልም። እናቴ ላፕቶፑ ካላያት አትቆጥርም። ላፕቶፑ ዲስኩ ካልዞረ አያይም።

ስንዱ ዘላለም ጋ ደወለች። ዘላለም በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ይህ ትልቁ ዓይነት ዲስክ ነው አላት። ትንሹ ዓይነት ከላፕቶፑ በሽቦው በሚደርሰው መብራት ይኖራል፤ ትልቁ ግን በዚያ አይጠግብም፣ የራሱን መብራት ይፈልጋል። መጀመሪያ አዳፕተሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኝተሽ ግድግዳ ላይ ሰኪ። ከሳጥኑ ኋላ ያለችውን ማብሪያ ተጫኚ። ሲያጉረመርም ስሚ። ካጉረመረመ በኋላ ነው ወደ ላፕቶፑ የሚሰካው። አንቺ ሳታበይው አሠራሽው አላት።

ነገሩ ገባኝ። በሬም እንደዚያው ነው።

ጥሩዬ ግን አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ የእኔ ባል አንዲት ቃል ለማውጣት ይህን ያህል ሽቦ የሚፈጅ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኔም ስገባ ሽቦ ይዤ እገባ ነበር አለች። ከኋላ የቆሙት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። አቶ ደምመላሽ አልሳቁም፤ ከቀኝ እግራቸው ወደ ግራ እግራቸው ተዛወሩ።

እንግዲህ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ካልሰሙ አይቀመጡም። እኔ እናቴ ካልቆጠረች እሺ አልልም። እናቴ ላፕቶፑ ካላያት አትቆጥርም። ላፕቶፑ ዲስኩ ካልዞረ አያይም። ዲስኩ የራሱን መብራት ካላገኘ አይዞርም።

መብራት አለን። ሶኬታችን አንዲት ናት፤ ከበሩ ጀርባ ናት። ስንዱ በርጩማውን ከነላፕቶፑ ወደ በሩ ወሰደችው። አዳፕተሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኘች፤ ግድግዳው ላይ ሰካች፤ ማብሪያዋን ተጫነች። ሳጥኑ ግንባር ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ውስጡ ጠቅ አለ፣ ጠቅ አለ፣ ሊነሳ ሞከረ። ወዲያው አረንጓዴዋ ጠፋች። ደግሞ በራች፤ ደግሞ ጠፋች። እንደ ደከመ በሬ ይነሳል፣ ይወድቃል።

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። ቀልቷል። አምፖላችን የሚቀላው የታችኛው ሰፈር ወፍጮ ሲዞር ነው። ወፍጮው መብራቱን ስቦ ይወስደዋል፤ ለእኛ የሚተርፈን የፍም ያህል ነው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ካልሰሙ አይቀመጡም። እኔ እናቴ ካልቆጠረች እሺ አልልም። እናቴ ላፕቶፑ ካላያት አትቆጥርም። ላፕቶፑ ዲስኩ ካልዞረ አያይም። ዲስኩ መብራት ካላገኘ አይዞርም። መብራቱ ወፍጮው ካልቆመ አይበረታም።

ስንዱ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደች። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። እኔም ተቀምጬ ማየት አፈርኩና ቆምኩ። ስለ ዝናብ አንድ ሁለት ነገር ተባለ። እኔ እህ አልኩ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጌጡ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ስንዱ ነገሩን ነገረችው። ወረፋ የያዘው ሰው ለሠርግ ከሆነ እንጠብቃለን ብሎ ባንድ አፍ መለሰ። ጌጡ ግን ራሱን ነቀነቀ። ማንጠግቦሽ ነገ ማኅበር ታወጣለች፤ ጤፏ ዛሬ ሊፈጭላት ቃል ገብቼላታለሁ አለ። ጤፉ ባንዴ ቢመጣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር፤ እሷ ግን በጀርባዋ አንድ አንድ ቁና እያዘለች ነው የምታመጣው። በየቁናው ሞተሩን ባቆም ባስነሳ ደግሞ ይቃጠልብኛል። ስለዚህ እስክትመላለስ የሌላውን ሰው እህል እየጨመርኩ አቆየዋለሁ፤ የሷ ሲያልቅ አቆማለሁ አላት።

ስንዱ ላብ በላብ ሆና ተመለሰችና ይህን ነገረችን። ጥሩዬ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ሽማግሌዎቹ እሺ ካልሰሙ አይቀመጡም፤ አባትሽ እናቱ ካልቆጠረች እሺ አይልም፤ እናቱ ላፕቶፑ ካላያት አትቆጥርም፤ ላፕቶፑ ዲስኩ ካልዞረ አያይም፤ ዲስኩ መብራት ካላገኘ አይዞርም፤ መብራቱ ወፍጮው ካልቆመ አይበረታም፤ ወፍጮው የማንጠግቦሽ እህል ካላለቀ አይቆምም። ሰባት ሆነ አለች። ሰባት ቤት ተቆጠረልህ፣ እሺ በል አለችኝ።

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ፤ አሁንም ቀልቷል።

አቶ ደምመላሽ ወደ ፀሐይዋ አዩ። እኩለ ቀን ላይ እንሄዳለን አሉ፤ በቁጣ አይደለም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ያለ ቃል የሚያድር ሽማግሌ የለም። ስንዱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ዞር ብላ እንደገና ቁልቁለቱን ወረደች፤ አሁን ግን ትሮጣለች።

ማንጠግቦሽን ያገኘቻት መንገድ ላይ ነው። ቁናዋን አዝላ ወገቧ ጎብጧል። ስንዱ ሸክሙን ተቀበለቻትና አብራት ሄደች። እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አህያሽ የት ሄዳ ነው በጀርባሽ የምታመላልሺው ብላ ጠየቀቻት። ስንዱ የምትኖረው ከተማ ነው፤ የሰፈሩን ወሬ አልሰማችም። ማንጠግቦሽ ቆማ ትኩር ብላ አየቻት። አህያዬ ታስራለች አለች። ማን አሰራት አለች ስንዱ። ማንጠግቦሽም ነገረቻት።

ስንዱ ስትመለስ አልሮጠችም። በዝግታ መጣች። ግቢው መሀል፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ከእኔ ትይዩ ቆመች። ተማሪ ፊት እንደምትቆመው መሰለኝ።

"ሽማግሌዎቹ እሺ ካልሰሙ አይቀመጡም" አለች። "አንተ እማማ ካልቆጠረች እሺ አትልም። እማማ ላፕቶፑ ካላያት አትቆጥርም። ላፕቶፑ ዲስኩ ካልዞረ አያይም። ዲስኩ መብራት ካላገኘ አይዞርም። መብራቱ ወፍጮው ካልቆመ አይበረታም። ወፍጮው እህሉ ካላለቀ አይቆምም። እህሉ አህያዋ ካልተሸከመችው አያልቅም። አህያዋ ገመዷ ካልተፈታ አትነቃነቅም። ገመዱ ደግሞ ያሰረው እጅ ካልመጣ አይፈታም። አባ፣ ያሰረው እጅ የማን ነው?"

ጥሩዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ታውቃለች።

እጄን አየሁት።

ረቡዕ ዕለት ነው። የማንጠግቦሽ አህያ ሽምብራዬ ውስጥ ገባች። ሰብል የበላ ከብት ባለቤቱ መጥቶ ጥፋት ነው እስኪል ይታሰራል፤ ይህም ደንብ ነው። ማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር አሰርኳት። ማንጠግቦሽ፣ አጥሩን ራሱ ክፍት ትቶ ምን ጥፋት አለብኝ ብላ ላከችብኝ። አልመለስኩም። እሷ ጥፋት ነው ብላ አልመጣችም፤ እኔም ውሰጃት ብዬ አልላክሁም። እንዲህ ሆነን ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ አርብን አለፍን። አህያዋን ግን አላስራብኳትም። ጠዋትና ማታ ውኃ ወስጄላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ከበላችው ሽምብራ ያበላኋት ድርቆሽ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ አልተናገርኩም። ከዚያ አቶ ደምመላሽ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

"ሞላልኝ" አሉኝ፤ "እግሬ ደክሟል። እሺን ለእኔ ማለት ካቃተህ ለአህያይቱ በላት።"

ከአጥሩ ላይ ጋቢዬን አነሳሁና ሄድኩ።

ገመዱን ፈታሁ። ቋጠሮው ሦስት ቀን ጠብቆ ነበርና በጥርሴ ጨምሬ ነው የፈታሁት። አህያዋን እየነዳሁ ማንጠግቦሽ ቤት ደረስኩ። እሷ በሩ ላይ ነበረች። አላናገረችኝም፤ አላናገርኳትም። የቀረውን ጤፍ በሁለት ስልቻ ሞላነው፤ አንዱን እሷ ያዘች፣ አንዱን እኔ፤ ጫንን። አህያዋ እንኳ ዞር ብላ አየችን።

እንግዲህ አሁን ተከተሉኝ። ገመዱ ተፈታ። ገመዱ ቢፈታ አህያዋ ተነቃነቀች። አህያዋ ብትነቃነቅ እህሉ ባንዴ ደረሰ። እህሉ ቢደርስ ተፈጭቶ አለቀ። እህሉ ቢያልቅ ጌጡ ወፍጮውን አቆመ። ወፍጮው ቢቆም መብራቱ በረታ፤ አምፖላችን ነጭ ሆነ። መብራቱ ቢበረታ አረንጓዴዋ በራች፤ አልጠፋችም። ዲስኩ ጠቅ ሳይል ተነሳ፤ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ስንዱ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከሰማች በኋላ፣ ዘላለም እንዳላት፣ ሽቦውን ላፕቶፑ ጎን ሰካች። ላፕቶፑ አየ። ስንዱ ጣቷን አንድ ሁለቴ ነካ አደረገች፤ እናቴ ወጣች።

እኔ በሩ ላይ ስደርስ እናቴ መደቧ ላይ ተቀምጣ ነበር። ይህን ነገር ከፊቴ አርቂልኝ እያለች ስንዱን ትቆጣለች። በእጇ ዝንብ ታባርራለች። ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ቆምኩ።

ቆጠረች። "ሞላልኝ ውቤ" አለች። "ውቤ ከልካይ። ከልካይ በዛብህ። በዛብህ ንጋቱ። ንጋቱ እጅጉ።" እዚህ ላይ አቶ ደምመላሽ ትንፋሻቸውን ያዙ። ስንዱ የእናቷን ክንድ ያዘች። ሳጥኑ ብቻ ነበር የሚያጉረመርመው።

"እጅጉ ሁለት ነው" አለች እናቴ። "አትቀላቅሉብኝ። የቆላው እጅጉ ባለ በቅሎው ነው። የእኛው እጅጉ በእግሩ ሄዶ በእግሩ የሞተ ነው። ቆላ ወርዶ አያውቅም፤ ወባ ከሚይዘኝ ብርድ ይግደለኝ ይል ነበር፤ እንዳለውም ብርድ ገደለው። የእኛው የወልዴ ልጅ ነው፤ የዚያን አባት እኔ አላውቅም።"

"ባለ በቅሎው የእኛ ነው" አሉ አቶ ደምመላሽ። በኩራት ነው ያሉት። አባቱም መሸሻ ይባላል አሉ። ከልጁ ከአንማው ጀምረው እስከ ሰባተኛው ቆጠሩ፤ እኛም ከእናቴ ጋር አስተያየነው። አንድም ቦታ አልተገናኘም። በጥሩዬ በኩል ያለው አስቀድሞ ተቆጥሮ አልቋል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስንዱ አልዞረችም። ሳጥኑ ላይ እጇን አኑራ ወደ መሬት ታያለች። ሳጥኑ ሞቆ ነበር።

"እሺ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አቶ ደምመላሽ አጎዛው ላይ ሲወርዱ ጉልበታቸው ጮኸ። ስንዱ መጥታ ጉልበቴን ሳመች፤ አነሳኋት። ነጠላዋን አቧራ ነካው ብላ ስታራግፍ ቆየች፤ ፊቷን ላለማሳየት ነው።

ላፕቶፑን የዘጋው ሰው ግን የለም። እናቴ መቁጠሯን አላቆመችም፤ አንዴ ከጀመረች እንደዚያ ነበረች። አሁን ወደ ሴቶቹ ዞራለች። በዛብህ ጠጄ የምትባል እህት ነበረችው አለች። ለታችኛው ሰፈር ሰው ተዳረች። ከወንድሟ ጋር በድንበር ተኳርፈው በዚያው ተለያዩ፤ ከዚያ ወዲህ ዝምድናውን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። የጠጄ ልጅ አለሙ ነው። የአለሙ ልጅ የሻረግ ናት። የየሻረግ ልጅ ይህች የታች ሰፈሯ ማንጠግቦሽ ናት፤ ነገሩን ሳትሰማ ነው ያደገችው፣ አንድ ቀን ይነገራት አለች።

ዞር ስል ማንጠግቦሽ በራችን ላይ ቆማለች። ዱቄቷን በአህያዋ ጭና ወደ ቤቷ ስታልፍ፣ የሞተ ሰው ከሳጥን ውስጥ ሲቆጥር ለማየት ጎራ ብላ ነው። ሁሉንም ሰምታለች።

"አያ ሞላልኝ" አለችኝ፤ "ለካ ሦስት ቀን ያሰርከው የእህትህን አህያ ነው።"

የምላትን ቃል ፈለግሁ። ብዙ ፈለግሁ። አጥሩ ክፍት እንደነበር ልነግራት አሰብኩ፤ ክፍት ነበር። ያበላኋትን ድርቆሽ ላነሳባት አሰብኩ፤ አፈርኩ።

"እሺ" አልኳት።

ጥሩዬ ለአቶ ደምመላሽ ጠላ እየቀዳች ነበር። ዛሬ እሺው ለእንግዳም ለጎረቤትም ደረሰ፣ ሁለት አወጣ አለች። ማንጠግቦሽን እጇን ይዛ አስገባቻት፤ ከበርጩማው አጠገብ፣ ከላፕቶፑ ጎን አስቀመጠቻት።

ነገሬ ይኸው ነው፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያውራ። አህያ ያሰረ ካለ ይፍታ። እኔ አጥሬን ልዘጋ ሄድኩ።